ማን ይከፍላል? የሎራንስ ቱቢያና ጉዞ ከኃይል ሒሳብ እስከ አየር ንብረት ዲፕሎማሲ

በጥቅምት 2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 150 ፈረንሳውያን ፓሪስ ውስጥ በኢየና አዳራሽ ተሰበሰቡ። የሕዝብ እንደራሴ አይደሉም፤ በምርጫም አልተወዳደሩም። በኮምፒውተር በወጡ የስልክ ቁጥሮች እየተደወለ በዕጣ የተገኙ ናቸው። ገና 16 ዓመት የሞላው ተማሪ አለ፤ ጡረተኛ አለ፤ ከገጠር የመጣ፣ ሥራ የፈታ፣ ዕድሜውን በፋብሪካ የጨረሰ አለ። ዕድሜያቸው፣ ፆታቸው፣ የትምህርት ደረጃቸውና የመኖሪያ አካባቢያቸው ተመዛዝኖ አገሪቱን እንዲመስሉ ተደርገው ተመረጡ። የቀረበላቸው ጥያቄ ሚኒስትሮችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፦ ፈረንሳይ በ2030 የምትለቀውን የበካይ ጋዝ መጠን ከ1990ው ቢያንስ በ40 በመቶ፣ ያውም ማኅበራዊ ፍትሕን ሳታጓድል፣ እንዴት ትቀንስ?

ጉባኤውን በጋራ ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ሎራንስ ቱቢያና ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ዳርቻ የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ የፈረንሳይ የአየር ንብረት አምባሳደርና ዋና ተደራዳሪ እርሳቸው ነበሩ። ከአሜሪካና ከቻይና፣ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከማርሻል ደሴቶች ልዑካን ጋር ሌት ተቀን ሲከራከሩ የከረሙ ሰው አሁን ከተማሪና ከጡረተኛ ጋር ስለ ቤት ማሞቂያና ስለ መኪና ነዳጅ ሊነጋገሩ ተቀምጠዋል።

ወደዚያ አዳራሽ ያመጣቸው ምክንያት ከአንድ ዓመት በፊት መንገድ ላይ ታይቷል። በኅዳር 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በመላ ፈረንሳይ አደባባይና መስቀለኛ መንገድ ዘጉ። መነሻው በነዳጅ ላይ የተጣለው የካርቦን ግብር ነው። ግብሩ በወረቀት ሲታይ እንከን የለውም፤ ብዙ ያቃጠለ ብዙ ይከፍላል። ሆኖም ፓሪስ የሚኖረው ሰው በር ላይ ሜትሮ አለለት። በገጠርና በከተማ ጠርዝ የሚኖረው ግን ያለ ናፍጣ መኪናው ሥራ አይደርስም፣ ልጁን ትምህርት ቤት አያደርስም። ከግብሩ የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ካዝና ገባ እንጂ ለተጎዳው ሰው ተመልሶ አልተከፈለም። በጥር 2019 ሊመጣ የነበረው ጭማሪ ተሰረዘ፤ ግብሩም በቶን 44.6 ዩሮ ላይ ቀጥ አለ። ፓሪስ ላይ ዓለም ያጨበጨበለት ቃል እዚያው ፓሪስ አጠገብ በሚገኝ ነዳጅ ማደያ ተሰናክሎ ቀረ።

በእኔ እምነት የቱቢያና የሥራ ዘመን በሙሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ማን ይከፍላል? የፖሊሲ ተንታኝነትን ከአማካሪነት ወንበር ያለፈ ሙያ የሚያደርገው ይህን ጥያቄ ቀድሞ ማየት ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ስለሆነ ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው።

ቱቢያና በ1951 በአልጄሪያዋ ኦራን ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ኢኮኖሚክስ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ሥራ የእርሻ፣ የምግብ ዋስትናና የሰሜንና ደቡብ አገሮች ግንኙነት ነበር፤ ሶላግራል የተባለ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት መሥርተው በዚያ መስክ ለዓመታት ሠሩ። የአየር ንብረት ድርድር ውስጥ በጋዝ ልኬት በር የገባና በእህል ዋጋ በር የገባ ሰው እኩል አያዩም። እህል ላይ የሠራ ሰው በአንድ አገር ድጎማ ምክንያት ሌላ አገር ያለ ገበሬ እንዴት ገበያ እንደሚያጣ ያውቃል። ካርቦንም ጠባዩ ይኸው ነው፤ አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ዝናቡን ያጣል።

በ1997 ሊዮኔል ጆስፓ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ቱቢያና የአካባቢ ጉዳዮች አማካሪያቸው ሆነው ወደ መንግሥት ገቡ። ዓመቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮል ዓመት ነው። ፕሮቶኮሉ ያደጉት አገሮች ብቻ በቁርጥ ቁጥር ልቀታቸውን እንዲቀንሱ አስገደደ። የአሜሪካ ሴኔት ግን ገና በሐምሌ፣ ድርድሩ ሳያልቅ፣ ታዳጊ አገሮችን የማያካትት ስምምነት እንደማይቀበል በ95 ለ0 ድምፅ አስታውቆ ነበር። ቢል ክሊንተን ፕሮቶኮሉን ለማጽደቅ ወደ ሴኔት ሳይልኩት ቀሩ፤ በ2001 ጆርጅ ቡሽ ጭራሹን ተዉት። በኅዳር 2000 ዘ ሄግ ላይ፣ ፈረንሳይ የአውሮፓ ኅብረትን በምትመራበት ወቅት፣ የኪዮቶን ዝርዝር ለመጨረስ የተጠራው ጉባኤ ያለ ስምምነት ፈረሰ። አውሮፓና አሜሪካ ደን የሚመጥጠው ካርቦን እንዴት ይቆጠር በሚለው ላይ መግባባት አልቻሉም።

እዚህ ላይ የሙያው ምንነት ይገለጣል። የኃይል ሚኒስቴር ሰው ሜጋ ዋት ይቆጥራል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ቶን ይቆጥራል። የውጭ ጉዳይ ሰው ወዳጅና ድምፅ ይቆጥራል። ሦስቱም በየቢሮአቸው ልክ ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ሒሳብ ካላነበበ ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ይፈርሳል። የፖሊሲ ተንታኙ ሥራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተሻግሮ የእያንዳንዱ አገር እውነተኛ ወሰን የት እንደሆነ ማወቅ ነው። ልዑካን በማይክሮፎን የሚናገሩት ሌላ፣ ምክር ቤታቸው፣ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞቻቸውና የገንዘብ ሚኒስትራቸው የሚፈቅዱላቸው ሌላ ነው።

ቱቢያና በ2001 ኢድሪ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የዘላቂ ልማትና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተቋም መሠረቱ። በመንግሥት ውስጥ ያዩትን ክፍተት የሚሞላ የጥናት ቤት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ የማይጽፍ፣ ለሚኒስትርም ንግግር የማያዘጋጅ፣ በመካከል ያለውን ሥራ የሚሠራ። በ2009 ወደ መንግሥት ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዓለም አቀፍ የጋራ ሀብቶች ዳይሬክተር ሲሆኑ ግን የጠበቃቸው የኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ነበር።

ኮፐንሃገንን እኛም እናስታውሰዋለን። አቶ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ቡድን መሪ ሆነው የተገኙት እዚያ ነው። ጉባኤው ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ጋር የፈረንሳይና የኢትዮጵያን የጋራ ጥሪ አወጡ። ለጉባኤውም ቁጥር ይዘው ቀረቡ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚያም እያደገ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋሚያ ይዋል። የአፍሪካ የሲቪክ ማኅበራትና አንዳንድ ተደራዳሪዎች ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው፣ አፍሪካን በርካሽ መሸጥ ነው ብለው አምርረው ተቃወሙ። ቅሬታው መሠረት ነበረው። ነገር ግን ከፈረሰው ጉባኤ የተረፈችውን አጭር ሰነድ ገልጦ ያየ ሰው ለሦስት ዓመት 30 ቢሊዮን፣ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን የሚለውን ያገኛል። እነዚያው አቶ መለስ ያቀረቧቸው ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር ይዞ የገባ አገር፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ሰነዱ ውስጥ ዱካው ይቀራል።

የቀረው የኮፐንሃገን ታሪክ ሐዘን ነው። አስተናጋጇ ዴንማርክ ከጥቂት አገሮች ጋር ያዘጋጀችው ረቂቅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሾልኮ ወጣና ታዳጊ አገሮች እምነታቸውን ነሱ። በመጨረሻው ሌሊት ጥቂት መሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ የተስማሙበትን ጽሑፍ ሌሎቹ አንቀበልም አሉ። ጉባኤው ሰነዱን ማጽደቅ አቅቶት «ተመልክቶታል» በሚል ቃል ተበተነ።

ቱቢያና ከዚያ ፍርስራሽ ሁለት ነገር ይዘው ወጡ ማለት ይቻላል፤ ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ይመሰክራል። አንደኛው፣ ቁጥርን ከላይ ወደ ታች ማውረድ አይሠራም። ሁለተኛው፣ አገሮች የራሳቸውን መንገድ በራሳቸው ባለሙያዎች ካላሰሉ ምንም ዓይነት ቃል አይገቡም፤ ቢገቡም አያምኑበትም። ስለዚህ በ2013 ኢድሪ ከተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት መፍትሔዎች መረብ ጋር ሆኖ የ16 አገሮችን የጥናት ቡድኖች ያቀፈ ፕሮጀክት ጀመረ። የቻይናን ሒሳብ ቻይናውያን፣ የህንድን ህንዳውያን፣ የደቡብ አፍሪካን ደቡብ አፍሪካውያን ሠሩት። ጥያቄው አንድ ነው፦ አገራችሁ እያደገች በ2050 ካርቦኗን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ለማውረድ ዛሬ ምን መሥራት አለባት?

መልሶቹ በዝርዝር ቢለያዩም በሦስት ነገር ተገጣጠሙ። መጀመሪያ ኃይልን አለማባከን። ቀጥሎ ኤሌክትሪክን ከካርቦን ማጽዳት፤ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ የተፈጥሮ ጋዝ የዚያን ግማሽ ያህል ይለቃል፤ ውሃ፣ ንፋስና ፀሐይ ሲያመነጩ ግን የሚቃጠል ነገር የለም። በመጨረሻም ዛሬ በነዳጅ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ መኪናውንም ማሞቂያውንም ምድጃውንም፣ ወደዚያ ወደ ጸዳው ኤሌክትሪክ ማዛወር። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል። ግን የድንጋይ ከሰል ኃይል ያላት አገር መኪናዋን ብቻ ኤሌክትሪክ ብታደርግ ጭሱን ከጎዳና ወደ ማመንጫው ማዛወር ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስትከለክል ሒሳቡ የሚሠራላት ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ነው። በሌላ በኩል ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ አብዛኛው ቤተሰብም የሚያበስለው በማገዶ ነው። ስለዚህ የሦስቱ መንገዶች ትርጉም ለእኛና ለፈረንሳይ አንድ አይደለም።

በ2014 ቱቢያና የፈረንሳይ የአየር ንብረት ድርድር አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ፓሪስ ጉባኤውን እስክታስተናግድ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀርቷቸዋል። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎራን ፋቢዩስ ጋር ዋና ከተሞችን እየዞሩ ንግግሩን ትተው ወሰኑን ለማወቅ ጠየቁ፣ አዳመጡ። የኮፐንሃገንን ስህተት ላለመድገም ፈረንሳይ የራሴ የምትለው ምስጢራዊ ረቂቅ ይዛ አልቀረበችም።

በሐምሌ 2015 ደግሞ መንገዱ በአዲስ አበባ አለፈ። ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ከተማችን ላይ ተካሄደ። ድርድሩ ለአፍታ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ ታዳጊ አገሮች የዓለም አቀፍ ግብር ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ይታይ ብለው ሲከራከሩ ያደጉት እምቢ አሉ። በመጨረሻ የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ ጸደቀ፤ የታዳጊዎቹ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ኢትዮጵያም በሰኔ የራሷን ቃል አስገብታለች፦ በ2030 ልቀቷ በተለመደው መንገድ ብትሄድ ከሚደርስበት 400 ሚሊዮን ቶን በ64 በመቶ ቀንሶ ከ145 ሚሊዮን ቶን እንዳይበልጥ። መሠረቱ በ2011 ደርባን ላይ ይፋ የሆነው አረንጓዴ የኢኮኖሚ ስትራቴጂዋ ነው። ዕቅዱ የውጭ የገንዘብና የቴክኖሎጂ ድጋፍ እንደሚጠይቅም በግልጽ ተጽፏል።

በዚያው ዓመት ኅዳር 13 ፓሪስ ውስጥ በደረሰ የሽብር ጥቃት 130 ሰው ሞተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 150 ገደማ የአገርና የመንግሥት መሪዎች ለቡርዤ ላይ ተገኙ። ለቡርዤ ከፓሪስ ሰሜናዊ ምሥራቅ የሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያና የዐውደ ርእይ ሥፍራ ነው።

የድርድር ሰነድ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ተገቢ ነው። በየካቲት ጄኔቫ ላይ የወጣው ረቂቅ ከ80 ገጽ በላይ ነበር። እያንዳንዱ አገር ያልተስማማበት ሐሳብ በቅንፍ ውስጥ ይገባል። «በካይ ጋዝን [በእጅጉ] [እንደየአቅማቸው] ለመቀነስ [ይገደዳሉ] [ይጥራሉ]» ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስቡ፤ በየቅንፉ ጀርባ አንድ ምክር ቤት፣ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ወይም አንድ ልትሰጥም የደረሰች ደሴት ቆሟል። የተንታኙ ሥራ የትኛው ቅንፍ የእውነት ቀይ መስመር እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለመለዋወጫ ብቻ የተቀመጠ እንደሆነ መለየት ነው።

የፓሪስ መዋቅር የተሠራው ከዚህ ዕውቀት ነው። እንደ ሠፈር መዋጮ አስቡት፤ ኪዮቶ ዳኛ ተሰይሞ ለእያንዳንዱ ቤት የሚከፍለውን ሲወስንበት፣ ፓሪስ እያንዳንዱ ቤት የሚያዋጣውን ራሱ አስታውቆ በየአምስት ዓመቱ መዝገቡ በሁሉም ፊት እንዲገለጥ፣ የሚቀጥለውም መጠን ካለፈው እንዳያንስ ያደርጋል። አገሮች ዕቅድ የማቅረብና ሪፖርት የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ የገቡትን ቁጥር ማሳካት ግን በሕግ አያስጠይቃቸውም። ከዚህ በላይ አንድ የጋራ አቅጣጫ ተቀመጠ፦ የሙቀት ጭማሪው ከ2 ዲግሪ በእጅጉ እንዲያንስ፣ በ1.5 ለመገደብም ጥረት እንዲደረግ፤ በምዕተ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽም የሚለቀቀውና ምድር የምትመጥጠው እንዲመጣጠን። ይህ የረጅም ጊዜ ግብ እንዲገባ አጥብቀው ከታገሉት መካከል ቱቢያና አንዷ ናቸው። አመክንዮአቸው የኢኮኖሚ ባለሙያ አመክንዮ ነው፦ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱና የኃይል ኩባንያው መጪው ዘመን ወዴት እንደሚሄድ ካመኑ ገንዘባቸውን አስቀድመው ወደዚያ ያዞራሉ፤ ገንዘቡ ሲዞር ትንበያው ራሱን ይፈጽማል።

ታኅሣሥ 12 ቅዳሜ የመጨረሻው ረቂቅ ሲበተን የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች አንቀጽ 4፣ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ደነገጡ። ያደጉ አገሮች ልቀታቸውን በመላ ኢኮኖሚያቸው እንዲቀንሱ የሚለው ሐረግ በአስገዳጅ አነጋገር ተጽፎ ነበር፤ ቀደም ሲል ስምምነት የተደረሰበት ግን ለስላሳው አነጋገር ነው። አስገዳጅ ሆኖ ቢቀር ሰነዱ ወደ ሴኔት መሄድ ነበረበት፤ የሴኔቱን መልስ ደግሞ ዓለም ከ1997 ጀምሮ ያውቀዋል። ስብሰባው ለሰዓታት ዘገየ። ልዑካን በአዳራሹ ወለል ላይ በየቡድኑ ተሰብስበው ተነጋገሩ። በመጨረሻ የጽሕፈት ቤቱ ባለሥልጣን የነጠላ ሰረዝና የሥርዓተ ነጥብ እርማቶችን ሲያነብ በመካከል ይህንንም አነበበው። ኒካራጓ ቅሬታ ነበራት፤ ነገር ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ፋቢዩስ ትንሿን አረንጓዴ መዶሻ መቱ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ስምምነቱ ገና ዓመት ሳይሞላው በኅዳር 4 ቀን 2016 በሥራ ላይ ዋለ።

ብዙ ዘጋቢዎች የቱቢያናን ታሪክ እዚህ ላይ ይጨርሱታል። እኔ ግን የሚያስተምረን ከዚህ በኋላ ያለው ይመስለኛል።

ከፓሪስ በፊትም አገር ቤት አንድ ሥራ ነበራቸው። ፈረንሳይ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1974 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሜስሜር ስም በሚጠራው ዕቅድ ወደ ኒውክሌር ፊቷን አዙራ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉን ኤሌክትሪኳን ከ58 ሬአክተሮች የምታገኝ አገር ሆና ነበር። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ ፍራንሷ ኦላንድ ይህን ድርሻ በ2025 ወደ 50 በመቶ እንደሚያወርዱ ቃል ገብተው ተመረጡ። በ2013 በተካሄደው ብሔራዊ የኃይል ሽግግር ክርክር ማኅበራትን፣ አሠሪዎችን፣ የአካባቢ ተሟጋቾችንና የምክር ቤት አባላትን በአንድ ጠረጴዛ የማገናኘቱን ኃላፊነት ቱቢያና ተሸከሙ። ክርክሩ የ2015ቱን የኃይል ሽግግር ሕግ ወለደ፤ የኃይል ፍጆታን በ2050 በግማሽ መቀነስና የኒውክሌሩ 50 በመቶ ሕግ ሆነው ተጻፉ። ሁለት ዓመት አለፍ ሲል መንግሥት 2025 አይደረስበትም አለ። በ2019 ቀኑ ወደ 2035 ተገፋ። በ2023 ጣሪያው ራሱ ከሕጉ ወጣ፤ ኤማኑኤል ማክሮን ከዚያ በፊት በየካቲት 2022 ቤልፎር ላይ ስድስት አዳዲስ ሬአክተሮች እንደሚገነቡ አስታውቀው ነበር። ካርቦንን በተመለከተ ኒውክሌርን ማቆየት ስህተት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ግን በወራት ክርክር የተገኘ ብሔራዊ መግባባት በአሥር ዓመት ውስጥ ደብዛው ሲጠፋ ማየት ለሙያው መራራ ነው።

ወደ 150ዎቹም ዞር እንበል። እስከ ሰኔ 2020 በሳምንት መጨረሻ እየተገናኙ፣ ባለሙያ እየጠየቁ፣ 149 ሐሳቦች አቀረቡ፦ ቤቶችን በግዴታ ማደስ፣ በባቡር በአጭር ሰዓት በሚደረስባቸው ከተሞች መካከል የአገር ውስጥ በረራ ማቆም፣ በፈጣን መንገድ የመኪና ፍጥነትን ወደ 110 ኪሎ ሜትር ማውረድ። ማክሮን ሐሳቦቹን «ያለ ማጣሪያ» ለምክር ቤት፣ ለሕዝበ ውሳኔ ወይም ለሥራ እንደሚያስተላልፉ ቃል ገብተው ነበር። ሦስቱን ወዲያውኑ ውድቅ አደረጉ፤ ከነዚያ አንዱ የፍጥነቱ ገደብ ነው። ሌሎቹ በየሚኒስቴሩ እየተሸራረፉ በ2021 ሕግ ሆኑ። በየካቲት 2021 ዜጎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰብስበው መንግሥት ሐሳባቸውን ምን ያህል እንደተጠቀመበት ነጥብ ሰጡ፤ አማካዩ ከ10 3.3 ወጣ። በዕጣ የመጡ ሰዎች የአገራቸውን ፕሬዚዳንት በተማሪ ነጥብ መዘኑ። ዜጎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ከብዙ የባለሙያ ሰነድ የበለጠ ደፋርና የታሰበበት ነበር ብዬ አምናለሁ። «ሕዝቡ አይቀበልም» የሚለው ሰበብ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሽሯል፤ ያልተቀበለው ሌላ ነው።

ቱቢያና ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት የአውሮፓ የአየር ንብረት ፋውንዴሽንን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል። በሐምሌ 2024 የፈረንሳይ ግራ ዘመም ጥምረት ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ዕጩ ሲፈልግ ሶሻሊስቶች፣ አረንጓዴዎችና ኮሚዩኒስቶች የእርሳቸውን ስም አቀረቡ፤ የዣን-ሉክ ሜላንሾን ፓርቲ አልተስማማም፣ ነገሩም ቀረ። ከ190 በላይ አገሮችን ባስማሙት ሰው ስም ላይ አራት ፓርቲዎች በአንድነት መስማማት አቃታቸው። የፓርቲ ሥልጣን ሌላ ሙያ ነው።

አሁን የሚገፉት ጉዳይ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል። ፈረንሳይ፣ ኬንያና ባርባዶስ በጋራ የሚመሩትን የዓለም አቀፍ የትብብር ቀረጦች ግብረ ኃይል እየደገፉ ነው። ሐሳቡ ለአየር ንብረትና ለልማት የሚሆን ገንዘብ ከመንግሥታት በጀት ከመለመን ይልቅ ብዙ በካይ ጋዝ ከሚለቁና እስካሁን ግብር ብዙም ካልነካቸው ዘርፎች መሰብሰብ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ አቪዬሽን ነው። በ2025 ሴቪያ ላይ በተደረገው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ኬንያ፣ ባርባዶስና ሶማሊያ የሚገኙበት ቡድን በቢዝነስና በአንደኛ ማዕረግ ትኬት፣ በግል ጄትም ላይ ቀረጥ ለመጣል ጥምረት አቋቋመ። ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ፈረንሳይ ከ2006 ጀምሮ በአውሮፕላን ትኬት ላይ የትብብር ቀረጥ አላት፤ ገንዘቡ ለኤች አይ ቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ መድኃኒት መግዣ ሲውል ኖሯል። በ2010ም የተባበሩት መንግሥታት 100 ቢሊዮኑ ከየት ይምጣ ብሎ ባቋቋመው የከፍተኛ አማካሪዎች ቡድን የአቪዬሽንና የመርከብ ካርቦን እንደ ገንዘብ ምንጭ ተመክሮበታል። የዚያ ቡድን ተባባሪ ሊቀመናብርት የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የንስ ስቶልተንበርግና የኢትዮጵያው አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ።

የ100 ቢሊዮኑ ቃል የተፈጸመው ከቀጠሮው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው። ባኩ ላይ በ2024 አዲስ ቁጥር ወጣ፤ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር። ታዳጊ አገሮች እጅግ ያንሳል ብለው ቅሬታቸውን አሰሙ። በኅዳር 2025 ደግሞ ቤሌም ላይ 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ።

ይህን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች አገራችን የላትም ማለት አይደለም። ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለ የውሃ ባለሙያ ሆነው ጀምረው፣ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሕዳሴ ግድብ ድርድር ኢትዮጵያን ወክለው ከካይሮና ካርቱም፣ ከዋሽንግተንም ሰዎች ጋር ተቀመጡ፤ ቆይተውም አምባሳደር ሆነው ዋሽንግተን ገቡ። የሐይቁን ሙሌት ሒሳብ፣ የድርቅ ዓመታትን ትንበያና የጎረቤት አገርን ስጋት በአንድ ራስ መያዝ ምን እንደሚጠይቅ ያ ድርድር በሚገባ አሳይቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተመረቀ። የሚያሳስበኝ ይህ ዕውቀት በጥቂት ሰዎች ራስ ውስጥ መቅረቱ ነው። ከዘ ሄግ ውድቀት በኋላ ፈረንሳይ የጥናት ተቋም ነበራት፤ የፓሪስ ጉባኤ ሲደርስ የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ከኋላዋ ቆሞላት ነበር።

በ2027 አዲስ አበባ ላይ የፕሪሚየም በረራ ቀረጥ በጠረጴዛው ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አስተናጋጇ አገር ከአፍሪካ ትልቁን አየር መንገድ የያዘች፣ ቦሌን የአህጉሩ መተላለፊያ ያደረገች፣ በቢሾፍቱ አዲስ ኤርፖርት የምትሠራ አገር ናት። በዚያው ልክ ድርቅን ለመቋቋም የውጭ ገንዘብ የምትሻ አገር ናት። ጎረቤቶቿ ኬንያና ሶማሊያ ቀድመው ጥምረቱ ውስጥ ገብተዋል። ቀረጡ በአዲስ አበባ በኩል በሚያልፍ የቢዝነስ ተጓዥ ላይ ስንት ይጨምራል? መንገደኛው ወደ ዶሃና ወደ ዱባይ ይሸሻል ወይስ እነርሱም ይከፍላሉ? ገንዘቡ በማን በኩል ያልፋል፣ ስንቱስ ወደ ቦረናና ወደ ሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ይደርሳል? ጥያቄውን አየር መንገዱ በአንድ ሒሳብ፣ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር በሌላ፣ ውጭ ጉዳይ በሦስተኛ ይመልሱታል። ሦስቱን ሒሳቦች በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሰው ሥራውን አሁን፣ ልዑካን ሻንጣቸውን ሳያሰናዱ፣ መጀመር አለበት።